ሳይበላ የተመለሰው ምሳ ዕቃ

እሑድ

ዛሬም አላለቀስኩም። ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ እንደ ጀብዱ ይመዝገብልኝ።

ባለቤቴ ተስፋዬ ከታሰረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ጥፋቱ በውይይት ክበብ መሐል መሳቁ ነው፤ ሌላ የነገረኝ የለም። ሲወስዱት በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ “አትንገብገቢ፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰልሽ ደህና ነኝ ማለት ነው” አለኝ። ይኸው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስንቁን እሱ ወደታሰረበት የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ግቢ አስገባለሁ፤ በልቶ ሲጨርስ ባዶውን ያወጡልኛል።

ልቤን የማሳርፍባቸው ዘዴዎች (እስካሁን ሠርተዋል)፦ ጠዋት የጓሮ ጎመኔን ማጠጣት። ስንቅ ይዤ ከመውጣቴ በፊት ደጅ ያለው ጉቶ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ዝም ማለት። ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ስለ ልብሱ መጠየቅ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አያስነቃብኝም።

ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስመለስ ወንድሜ ገመቹ ከፉሪ የበግ ሥጋ ይዞልኝ መጥቷል። ሲወጣ፣ “ዛሬውኑ ብዪው” አለኝ፤ እንዳይበላሽ ማለቱ ነው። ብቻዬን ምን ያደርግልኛል? ወጡን ሠርቼ ለተስፋዬ ለነገ አስቀመጥኩት። እንዴት ደስ ይለው ይሆን!

ሰኞ

ምሳ ዕቃው እንዳለ ተመለሰ።

ስንቅ የሚቀበለን ረጅሙ ጠባቂ፣ “አልተበላም” ብሎ አቀበለኝ። “ለምን? አሞት ነው? ንገረኝ እንጂ!” አልኩት። ዓይኔን ሳያይ፣ “ሂጂ እህቴ፣ ነገ ነይ” አለ። ነገ ነይ ካለ በሕይወት አለ ማለት ነው? ወይስ እኔን ለመሸኘት ያህል ነው? ባለፈው ወር የአንዲት ሴት ስንቅ እንዲሁ ሳይነካ ተመለሰ። በማግስቱ “ከእንግዲህ አታምጪ” አሏት። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጉቶው፣ ጎመኑ፣ ዝምታው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ። ጥቅሉን ሳልፈታ ከበሩ ኋላ ወረወርኩት።

ማክሰኞ

ጎመኑን አላጠጣሁም።

ጎረቤቴ እትዬ ዙበይዳ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ገና ከመግባታቸው፣ “ምንድነው የሚሸተኝ? የሥጋ ወጥ ነው?” አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ሰሙኝና፣ “አንቺ! እናንተ ጾም ላይ አይደላችሁም እንዴ? ትናንት የእናንተ ልኳንዳ ሁሉ ተዘግቶ አይቻለሁ እኮ!” አሉኝ።

ነነዌ! ሦስቱ የነነዌ ቀኖች ሰኞ ገብተው ኖሯል፤ እኔ የበግ ወጥ ተሸክሜለት ሄድኩ! እሑዴን ስብሰባ እየበላው ብስራተ ገብርኤልን ከሳምኩ ቆይቻለሁ። ተስፋዬ ደግሞ ቢገድሉት ጾም አይገድፍም። የገመቹ “ዛሬውኑ ብዪው” ለካ ለዚህ ነበር።

ጥቅሉን አውጥቼ ፈታሁት። ከስንቁ ጋር የምልክለት የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ከላይ ተቀምጣለች፣ አራት ታጥፋ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ ገብቶ። ከተጋባን ጀምሮ የምስቅበት የተስፋዬ አስተጣጠፍ ነው። ትናንት አንዴ ብፈታው ኖሮ!

እትዬ ዙበይዳ፣ “የክርስቲያን ሥጋ ለኔ አይሆን፣ በጾም ላንቺ አይሆን፤ ዛሬ ዒዱ የውሻሽ ነው” ብለው አሳቁኝ። ሽሮ አፍልቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። የስንቅ ሰዓት አልፏል ተብዬ ተመለስኩ።

ጨርቋ ግን የሰኞ ናት። ዛሬስ?

ረቡዕ

ሽሮና ከጓሮዬ የተቀነጠሰ ጎመን። በሰዓቱ አስገባሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ፤ ዕቃው አልወጣም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይቀምስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈራሁ።

አጥሩ ሥር ድንጋይ አገኘሁና እንደ ጉቶዬ ቁጭ አልኩበት። ሰላሜን ሁሉ ምሳ ዕቃ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ባዶ ሲመጣ አለሁ፣ ሙሉ ሲመጣ የለሁም። ዛሬ ምንም ሳይመጣልኝ ቁጭ አልኩ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ አጠገቤ ተቀመጠ እንጂ። ፈርቼም መረጋጋት እንደምችል አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ረጅሙ ጠባቂ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ባዶ! ጨርቋ አራት ታጥፋ ከላይ ተቀምጣለች። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሰኞ ልነግርሽ ነበር፤ አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ነው” አለኝ። “ባልሽ ‘ምስኪን፣ ቀኑ ጠፍቷት ነው’ ብሎ እየሳቀ ነው የመለሰው።”

ሳቁን አልተወም! እዚያው አለቀስኩ። አሥረኛ ቀኔን ሳልደርስ ጀብዱዬ ፈረሰ፤ ይፍረስ።

“አንተን እግዜር ይስጥህ፤ ምሳህን እንኳ ሳትበላ…” አልኩት።

“እኔም እኮ እስካሁን አልቀመስኩም” አለና ጠመንጃውን አስተካክሎ ገባ።

ሐሙስ

ጎመኑን አጠጣሁ። ነነዌ ወጥቷል፤ ለተስፋዬ ዕንቁላል ሠራሁ። ለጠባቂውም ትንሽ ለብቻ ጠቅልያለሁ፤ ይቀበለኝ እንደሆነ እንጃ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት አልቀረውም፤ ቀኑን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

መቼ እንደሚፈቱት አላውቅም። ምሳ ዕቃው ዛሬ እንዴት እንደሚመለስም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ጉቶው ላይ ሆኜ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አንድ ጊዜ ዝም ልበልና ልነሣ።