ዳኛው ምን አለ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 1:30

ጉልበቴ አብጧል። የጌትነት እግር ሥራ። በረዶ የለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ በፌስታል አስሬበት ቢሮ ልገባ ነው። ለትኬት ሻጭ ማንከስ ጥሩ ነው። ደንበኛ ያምነዋል፤ ሮጦ አያመልጥም ብሎ።

ክቡር ደብተር፣ እርስዎ የተገዙት ድሬዳዋ ስለሆነ ሶማሊኛ አይጠበቅብዎትም። ከጌትነትም አይጠበቅ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ሀርጌሳ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የለቀመው ሶማሊኛ «ውሃ»፣ «ሲሚንቶ» እና «አፍርሰህ እንደገና ሥራው» ብቻ ነው። ስለዚህ ቴኳንዶ ቤት ጆሮው እኔ ነኝ። አሰልጣኛችን ማዓሊን ፋራህ በሶማሊኛ ይጮኻል፤ እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ፤ ጌትነት ሰምቶ ይመታኛል። ስድቡን ሳይቀር በታማኝነት ነው የምተረጉመው። አንዳንዴ ከራሴም ጨምሬ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ምሳ ሰዓት

ጉድ። ጅቡቲ ላይ ውድድር አለ፤ ከኛ ክለብ በኛ ኪሎ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል። ዓርብ ማጣሪያ። እኔና ጌትነት። ማዓሊን ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፣ የማንም ጥግ ላይ አሰልጣኝ ሆኜ አልቀመጥም ብሏል።

ቢሮ ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ። ጓደኛ ከጓደኛ ይጋጠም ወይ? ሆዳን፣ ጎኔ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ፣ ዓይኗን አፈጠጠች። አብሮህ የሚበላን ሰው ፊቱን በእግርህ? አስተግፊሩላህ! እኔ ደግሞ ምሁር ሆንኩ፤ የማያውቅህ ሰው ሲመታህ አደጋ ነው፣ የሚያውቅህ ሲመታህ ግን ትምህርት ነው አልኳት። ጉልበቴን አየችው። ብዙ ተምረሃል አለችኝ።

ለጌትነት ደውዬ በሳንቲም እንጣጣል አልኩት። ተቆጣ። «ሳንቲሙ ነው ጅቡቲ ሄዶ የሚጋጠመው? ስማ ሙስጤ፣ ካዘንክልኝ ነው የምቀየምህ። ጓደኛዬ ከሆንክ በደንብ ምታኝ።» እናቱ የአገር ልብስ፣ ማለቴ ባንዲራ ያለበት ቱታ፣ ለብሶ አይታው አታውቅም። የክለቡም ቱታ ቢሆን ፎቶ ይልክላታል። ያን ያህል ነው የፈለገው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ከመግሪብ በኋላ

አሸነፍኩ። 11 ለ 9። ሰው ሁሉ አቀፈኝ። የሚቀጥለውን ማንም አያንብብ፤ እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ይቀበሉኝ።

ዳኛው ከሌላ ክለብ የመጣ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ጨዋ ሰው። አዳራሹ ጠባብ፣ ምንጣፉ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሰው ግድግዳ ላይ እንዳይላተም ብሎ ከምንጣፉ ዳር አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ቢጫ ፕላስተር ለጠፈ። ጠራን። ወሰናችሁ ይህ ቢጫ ነው እንጂ የምንጣፉ ጫፍ አይደለም፣ ያለፈ ለተጋጣሚው አንድ ነጥብ ይሰጣል አለ። በሶማሊኛ። ግልጽ አድርጎ። ማዓሊን ራቅ ብሎ ከወላጆች ጋር ተቀምጧል።

ጌትነት እንደ ወትሮው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

«በሰላም ተጫወቱ አለ።»

አላሰብኩበትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። አስቤበታለሁ። ጌትነት ሲመቱት ወደ ኋላ ሰፊ ቦታ ይዞ ማፈግፈግ፣ ከዚያ ዞሮ መምታት ይወዳል። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

ሦስት ጊዜ ቢጫውን አለፈ። ሦስት ጊዜ ዳኛው ጣቱን አነሣ። በሁለተኛው ጌትነት ምን አጠፋሁ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ትከሻዬን ሰበቅሁ። ትከሻ ሶማሊኛም አማርኛም አይናገርም፤ ዛሬ ግን ዋሸ።

ሲያልቅ አቀፈኝ። ላቡ አንገቴ ላይ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ረፋድ

ቢሮ መጣ! እጁ ላይ ሲሚንቶ፣ በፌስታል የእግር መከላከያውን ይዞ። ያንተ ተቀዷል፣ ጅቡቲ በዚህ ግባ አለኝ። ሆዳን ልቧ ተነካ፤ ሻይ አስመጣችለት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ ዳኛ ሐበሻ ስለሆንኩ ነው አለ። ምንም ሳላደርግ ሦስት ነጥብ ወሰደብኝ። ያንተ ጥፋት አይደለም፣ አንተማ በሐቅ ተጫውተሃል።

በሐቅ! እኔ ምን መለስኩ? ራሴን ነቀነቅሁ። የአዎ ዓይነት። አንድ ንጹሕ ሽማግሌ፣ ሰው ግድግዳ ላይ እንዳይላተም ተንበርክኮ ፕላስተር የለጠፈ ሰው፣ በአንድ የአንገት ንቅናቄ ዘረኛ ሆነ። ጌትነትን መምታቴ አያሳፍረኝም፤ ምታኝ ብሏል። ይሄኛውን ግን አላለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ 11 ሰዓት

ልምምድ ላይ ጌትነት የለም። ደወልኩ። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ሥራም በዝቷል አለ። ኋላ ግን እውነቱን ተናገረ፤ በቃኝ፣ ቢጥርም በማይፈረድለት ቤት ሰው ምን ይሠራል? ከዚያ ጅቡቲ ስትደርስ ፎቶ ላክልኝ አለ።

ማዓሊን በበኩሉ ተናዷል። ለምን ሦስቴ ወጣ? ዳኛው ነግሮት የለም እንዴ? ነገ ይዘኸው ና፣ ራሴ ልጠይቀው አለኝ። አንተ ትተረጉማለህ። በጣም ጥሩ። ወላሂ እንዲህ ያለ ሥራ ደሞዝ ቢኖረውም አልቀጠርም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ 4 ሰዓት

የቡድኑን ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። ስሜን ሰረዝኩ። የጌትነትን አስገባሁ። ደስ አለኝ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቅዱስ ነበርኩ። ከዚያ ሆዳን ስክሪኑን አይታ፣ ጌትነት ያውቃል ወይ አለችኝ። ምኑን? ባንተ ፈንታ ለምን እሱ እንደሚሄድ፣ አለች። ለካ በኪቦርድ ንስሐ ልገባ ኖሯል። እሱ ዕድል ደረሰኝ ብሎ፣ ያን ሽማግሌ እንደረገመ ጅቡቲ ሊሄድ።

ስሙን አወጣሁ። ቦታው ባዶ ነው። እሱ ራሱ ይወስን፤ ቢፈልግ ይሂድ፣ ቢፈልግ ይትፋብኝ።

እዚያው ቀን፣ 11:10፤ አዳራሹ ውስጥ

ዳኛውንም ለምኜ አስመጥቻለሁ። ከማዓሊን ጋር ተቀምጦ ያወራል፤ ለምን እንደተጠራ አያውቅም። ጌትነት ከሥራ በቀጥታ መጣ። ሽማግሌውን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ፤ ሊመለስ ነበር፣ እጁን ይዤ አስገባሁት። እጄን አልለቀቀም።

ማዓሊን ጀመረ። ጠይቀው አለኝ፣ ወሰኑ ተነግሮት እያለ ለምን አለፈ?

ሦስቱም እኔን ያያሉ። ያን ቀን ዳኛው ያለውንና እኔ የደበቅኩትን ልናገር ነው፤ መጀመሪያ በአማርኛ ለጌትነት፣ ከዚያ በሶማሊኛ ለሁለቱ። አንድም ቃል ሳልቀንስ። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።