ስም ያልተጻፈላቸው አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመምህር ወርቅአየሁ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብዎት ቁርጥማት ዘንድሮ ትንሽ እንኳ ማረዎት? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? መነጽሯን ታደርጋለች ወይስ አሁንም ለእንግዳ ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ልጆቹስ፣ ክርስቲያንና ፊልሞና፣ ትምህርታቸውን ይዘዋል ወይስ ኳስ ነው? ላሟስ ወለደች? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደህና ነው። የእንጦጦ ብርድ ጥቅምት ከገባ ወዲህ እየወረደ ቀበና ድረስ ይመጣብናል፤ እማዬ የላከችውን ጋቢ ደርቤ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ቡላውም በሰላም ደርሶኛል፤ እጇ ይባረክ።

ባለፈው እሁድ ስደውል ሥራ እንዴት ነው ቢሉኝ ደህና ነው ብዬ ቶሎ ወደ ላሟ ወሬ የዞርኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገሩ በስልክ የሚነገር አልሆነልኝም። ስልክ ላይ ደግሞ እርስዎ ዝም ሲሉ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን ተቀይመውኝ ይሁን አላውቅም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በደብዳቤ ልንገርዎ። እንደ ልማድዎ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ቢመልሱልኝም አይከፋኝም፤ ዘንድሮ እርማት የሚገባኝ ሰው ሆኛለሁ።

ኮሌጃችን ከየካ ተራራ ሥር እንዳለ ነግሬዎታለሁ። የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ በክረምቱ ከውጭ በእርዳታ መጥተው እኔ ነኝ አሰናድቼ ያቆምኳቸው። ክፍሉን የሚጠብቁት፣ ቁልፉን የሚይዙት ደግሞ ጋሽ ጀይላን ናቸው። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሀዲያ መሆኔን የሰሙ ዕለት «የሀገሬ ልጅ» ብለው ተቀበሉኝ፣ ቀበና ያለችውን ክፍሌንም ራሳቸው ዞረው ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። እግራቸውን ከተጎዱ በኋላ ነው እኛ ጋ የገቡት። እንግዲህ ይህን ሾፌርነታቸውን ይያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ስለ ሥራዬም ትንሽ ላስረዳዎት፤ ካልሆነ ጥፋቴ አይገባዎትም። ቢሮዬ ጥግ ላይ ሰርቨር የምንለው ማሽን አለ። የኮሌጁ ኮምፒውተር ሁሉ ሲበራ ከሱ ዘንድ ቁጥር ይዋሳል፤ ያለ ቁጥሩ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ሰርቨሩ ቁጥር ሲያውስ ስምህ ማነው ይልና ከቁጥሩ ጎን ይጽፈዋል። ውሰቱ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካደረ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ይህን የማዋስ ሥራ በሙያችን ዲኤችሲፒ እንለዋለን። ለእርስዎ ግን የክፍል ስም መጥሪያ ነው ቢባል ይበቃል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ኢንተርኔታችን ጠዋት ጠዋት ሞተ። አንድ ገጽ ለመክፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው። የኮሌጁ ዲን አቶ ይድነቃቸው ማክሰኞ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስበው ምክንያቱን ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቻለሁ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሰርቨሩን መዝገብ አትሜ ይዤ ገብቻለሁ። ሃያ አንድ ቁጥሮች ተውሰዋል። ዘጠኙ የየቢሮው ስም አላቸው፣ አንዱ «ላብ» የሚል የኮምፒውተር ክፍሉ ስም አለው፣ የቀሩት አሥራ አንዱ ባዶ ናቸው። በዚያ ሰዓት ትምህርት ስላልገባ ከክፍሉ የበራው አንድ ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሄጄ አላየሁም። ቆሜ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ «ስም የሌላቸው የእኛ አይደሉም፤ ከውጭ በስርቆት የገቡ ናቸው» አልኩ። አሥራ አንድና አንድ አሥራ ሁለት መሆኑን የመምህር ልጅ መደመር አቃታት።

አፌ እንደተዘጋ ወሬው ራሱ መሄድ ጀመረ። ጠዋት ቁልፍ የሚይዘው ማነው ተባለ። የጋሽ ጀይላን ባለቤት ወንድም ከአጥራችን ጀርባ ኢንተርኔት ቤት አለው ተባለ። ከምሳ በፊት ሽቦው በየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ የሚያሳይ ሰው ሁሉ ተገኘ። እኔ ሽቦ አላልኩም አባባ፤ ግን «ተዉ፣ ሽቦ አላየሁም» ብዬም አላስቆምኳቸውም። አቶ ይድነቃቸው ከጋሽ ጀይላን ቁልፉን ተቀበሉ፣ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስረዱ ከሥራ እንደሚሰናበቱ የሚገልጽ ደብዳቤም ሰጧቸው። ጋሽ ጀይላን ሲወጡ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ በዓይንሽ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱ ነው የሚለው አልኳቸው። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

የሚገርምዎ ደግሞ ረቡዕ ጠዋት ነው። ጋሽ ጀይላን የሉም፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፏል፣ መዝገቡን ስከፍት አንድም ባዶ ቦታ የለም! ኢንተርኔቱም ይበራል። አቶ ይድነቃቸው ቢሮዬ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ፤ በኅዳር መጨረሻ ኮንትራቴ ቀርቶ ቋሚ እንደምሆን፣ ደብዳቤውም ፊርማ ብቻ እንደቀረው ነገሩኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው በደስታ እየጮኽኩ የደወልኩልዎ።

ዓርብ ክፍሉ ተከፈተ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር። ተማሪዎቹ ገብተው ኮምፒውተሮቹን ሲያበሩ መዝገቡን አየሁ። እነዚያ ባዶዎች ተመልሰው ተደርድረዋል። ጋሽ ጀይላን ግን ቤታቸው ናቸው። 

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሁሉንም አጠፋሁና አንድ በአንድ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አበራሁ፤ መዝገቡ ላይ «ላብ» የሚል ስም መጣ። ጥሩ። ሁለተኛውን አበራሁ። «ላብ» የሚለው ስም ከሁለተኛው ጎን ሄደና የመጀመሪያው ባዶ ሆነ። ሦስተኛውን ሳበራ ስሙ ወደ ሦስተኛው ዞረ። ያኔ ማን ትዝ እንዳለኝ ያውቃሉ? ሁለቱ ከበበዎች።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበበ ነበሩብዎት። ከበበ ብለው ሲጠሩ ፊት የተቀመጠው አቤት ይላል፣ ኋላ ያለው ዓይን አፋሩ የተጠራው ያኛው ነው ብሎ ዝም ይላል። እርስዎም ሁለተኛውን ቀሪ እያሉ ምልክት ሲያደርጉበት ወር ሞላው። የእኔም ጥፋት ይኸው ነው። በክረምት አንዱን ኮምፒውተር አሳምሬ ካዘጋጀሁ በኋላ ዲስኩን ለአሥራ አንዱ ገለበጥኩላቸው፤ ችኮላ ነበርና ስማቸውን መቀየር ረሳሁ። አሥራ ሁለቱም «ላብ» ነን ይላሉ። ሰርቨሩ ደግሞ አንድ ስም ለሁለት አይሰጥም፤ መጨረሻ ለመጣው ይሰጥና ከፊተኛው ይሰርዛል።

የኢንተርኔቱስ መሞት? እሱም የእኔው ነው። የመጀመሪያው ኮምፒውተር በበራ ቁጥር የቫይረስ መከላከያውን አዲስ እንዲያወርድ አዝዤው ነበር፤ ትእዛዙም አብሮ ተገለበጠ። ጋሽ ጀይላን ደግሞ ሾፌር ናቸው ብዬዎታለሁ። ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም ብለው፣ ተማሪ ሳይመጣ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ አብርተው ያሞቋቸው ኖሯል። ማንም አላዘዛቸውም። አሥራ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምራሉ። ሰውዬው ሥራቸውን አብልጠው በመሥራታቸው ነው ሌባ ያስባልኳቸው።

ስማቸውን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቀየርኩ፣ መልሼ አበራኋቸው፣ መዝገቡ ሞላ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። አሁን የሚያሳፍረውን ልንገርዎ። ማንም አላየኝም። ዝም ብል ጋሽ ጀይላን በሳምንቱ ይሰናበታሉ፣ እኔ ቋሚ እሆናለሁ፣ ጠዋት የሚያሞቃቸው ስለሌለ ኢንተርኔቱም ደህና ነው። ቅዳሜን እንዲሁ ስብሰለሰል ዋልኩ። እሁድ ስደውል እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ስለ እኔ ቋሚነት ምስጋና እንዳቀረቡ፣ ምእመኑ እልል እንዳለ፣ እማዬ እንዳለቀሰች ነገሩኝ። አባባ፣ ያን ጊዜ ስልኩ በእጄ ከበደኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የከበበን ቤት መንገድ አሰብኩ። ከትምህርት ይቀራል ብለው ለቤተሰቡ የላኩት ደብዳቤ ልጁን በአባቱ እንዳስገረፈው የሰሙ ዕለት እጄን ይዘው ያን ሁሉ ዳገት ወሰዱኝ። አባቱም እናቱም ልጁም ባሉበት ባርኔጣዎን አውልቀው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። ስንመለስ፣ ለምን ትምህርት ቤት ጠርተው አልነገሩትም ብዬ ጠየቅኩዎ። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?

«በሰው ፊት የወሰድሽውን በሰው ፊት ትመልሻለሽ።»

ሰኞ አቶ ይድነቃቸው ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። በጽሑፍ ስጪኝና እኔ እጨርሰዋለሁ አሉኝ፤ ሰው ጥሩ ናቸው፣ ሊሸፍኑልኝ ነው። እኔ ግን የተናገርኩት በስብሰባ ነውና በስብሰባ ላንሳው አልኳቸው። ተሰበሰብን፤ ጋሽ ጀይላንም ተጠሩ። ያንኑ ወረቀት ይዤ ቆምኩ።  ሌባ የለም፣ ሽቦ የለም፣ አሥራ አንዱም የራሳችን ናቸው፣ ስም ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። ሽቦውን በወሬ በቀዳዳ ያወጡት ሰዎች ወለሉን ያያሉ። ደብዳቤው ተሰረዘላቸው፣ ቁልፋቸውም ሁሉ ሰው እያየ በእጃቸው ገባ። የእኔ የቋሚነት ደብዳቤ ደግሞ ወደ መሳቢያው ተመለሰ። ኮንትራቴ ለስድስት ወር ተራዝሟል፤ ከዚያ በኋላ እናያለን ተብያለሁ።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስወጣ ባህር ዛፉ ሥር ያለው ቤታቸው ወጣሁ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሚና በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው አልተፈታም፤ ያ ስሙ የተነሳው ወንድማቸውም ተቀምጧል። ሳልቀመጥ ለሦስቱም ይቅርታ ጠየቅኩ። ወንድምየው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ጀይላን፣ «ወረቀቱን ከምታምኚ መጥተሽ ብታዪ ኖሮ ምን ነበረበት?» አሉኝ።  እትዬ ሙሚና ቁጭ በይ ብለው ቆጮ አቀረቡልኝ። ስወጣ ጋሽ ጀይላን እስከ አጥሩ ሸኝተውኝ፣ ታዲያ ጠዋት ማሞቁን ልተው ወይ አሉኝ። አይተዉ፣ ሦስት ሦስት እያደረጉ ያሙቋቸው አልኳቸው። ትንሽ ሳቁ። እስከ ዛሬ ግን «የሀገሬ ልጅ» አላሉኝም፤ ወይዘሪት ርሆቦት ነው የሚሉኝ። ይገባኛል።

አሁን የቀረው የእርስዎ ነው አባባ። ያቀረቡት ምስጋና ከእውነት ወጥቷልና ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በመጀመሪያው እሁድ ቆመው ያርሙልኝ። ልጄ ቋሚ አልሆነችም፣ አንድ ሰው ላይ በሐሰት መስክራ ነበር፣ መልሳዋለች ይበሉ። እማዬ ታፍር ይሆናል፤ እኔም አፍሬ አይቼዋለሁ፣ ያልፋል። መንገዱን ያስያዙኝ እርስዎ ስለሆኑ እምቢ አይሉኝም።

እማዬን እጇን ይሳሙልኝ፤ መነጽሯን ከሳጥን አውጥታ ይህን ደብዳቤ ራሷ ታንብበው። ክርስቲያን የሂሳብ ደብተሩን ያሳይዎት፣ ስንት ድምር እንደሳተ አውቃለሁ፤ አሁን ግን የመቆጣት መብት የለኝም። ፊልሞናን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርትሁንን ሰላም ይበሉልኝ፤ እልልታው የደመቀው በእሳቸው ነው አሉ፣ ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። ከበበንም፣ ያን ኋላ የሚቀመጠውን፣ ገበያ ላይ ካገኙት ርሆቦት ሰላም ብላሃለች ይበሉት።

ልጅዎ ርሆቦት ወርቅአየሁ
የካ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን 2005 ዓ.ም.