ባለቤቴ ብለህ ጽፈህ የሰረዝከው

ውድ ግርምዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመትህን ጸሎት አስደርገናል፤ የመቃብር ድንጋይህም ተተክሏል፣ ስምህን በሁለቱም ፊደል አስጽፌበታለሁ። ያኔ ብጽፍልህ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር፣ እንባ እንባ የሚል። አሁን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። ኋላ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ማርታ ስፖንጋ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ወጥታለች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ እንደ ድሮው እንግባባለን። በረንዳ ላይ ያሉት ቲማቲሞችህ ደርቀዋል፤ ውሃ ነፍጌያቸው አይደለም፣ በእኔ እንዳታሳብብ። የሕንፃውን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ መያዝ የአንተ ሥራ ስለነበር ሁለት ወር ሙሉ በእጄ ሳጥብ ከረምኩ፤ አሁን ረቡዕን ለምጃለሁ። ከሰፈራችን ከኖርስቦሪ አልወጣሁም። ሥራዬም እዚያው ሕፃናት ማዋያው፣ ዳጊሱ ነው። ሕፃናቱ ይመጣሉ፣ ያድጋሉ፣ ይሄዳሉ፤ እኔ እዚያው አፍንጫ እጠርጋለሁ።

ንዴቱን ያመጣው የወላጆች ማኅበራችን ነው። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደምሴ ከሦስት ሳምንት በፊት ደወሉልኝ። በዓመታዊው ስብሰባ ፎቶህ አዳራሹ ውስጥ እንደሚሰቀል፣ እኔም ሁለት ቃል እንድናገር፣ አንተ ስታስቀምጣቸው የኖርካቸውን የማኅበሩን ማኅደሮችም ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ እንኳን።

ማኅበሩ እንዴት እንደተጀመረ ትዝ አለኝ። ማርታ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዳጊስ ከገባች ጀምሮ ቤትም ውስጥ ዝም አለች፤ ሠራተኞቹ ጆሮዋን አስመርምሩ አሉን። አንተ ከሥራህ ፈቃድ ወስደህ፣ እነሱንም አስፈቅደህ፣ ከልጆቹ ጋር በትንሿ ወንበር ላይ ጉልበትህ አገጭህን እየነካ አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጥክ። ማርታን ባናገሯት ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ታደርግ ነበር። ማታ ሦስት ጭረት ይዘህ መጣህ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ልጁ በዝቶባቸው ነው አልከኝ። በሳምንቱ ስምንት ሐበሻ ወላጆች ሳሎናችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጆቻችን የሚውሉበት ቤት በቂ ሰው ይኑረው፣ ቡድኑ ትንሽ ይሁን፣ የልጁን ቋንቋ የሚሰማ አንድ ሰው እንኳን ይገኝ ብላችሁ ማኅበር መሠረታችሁ። እንደገና የወደድኩህ ያን ሰሞን ነው። ሞያውን ተምሬ ዳጊስ የተቀጠርኩትም አንተን አይቼ ነው።

አንተ ጸሐፊ ሆንክ። ስብሰባው በአማርኛ ነው፤ ፕሮቶኮሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ግን ለከተማው አስተዳደር፣ ለኮሙኑ፣ ስለሚላክ በስዊድንኛ መሆን አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ ደብተር ላይ ትጽፍና ቅዳሜ ቁጭ ብለህ ትገለብጠዋለህ። እነዚያን ደብተሮች ነክቼያቸው አላውቅም ነበር። ምን አስነካኝ፤ አምኜህ።

የዛሬ ሁለት ዓመቱን ያን የኅዳር ቀን አትረሳውም። ሁለት ባልደረቦቻችን ታመው ቀሩ፣ ተተኪ አልተላከልንም፤ ለሃያ አንድ ሕፃን ሁለት ሰው ብቻ ነበርን። ልጆቹን ከግቢው አስገብተን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሊና የምትባለው የሦስት ዓመት ልጅ ከመጫወቻ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ቀርታለች። ጓንት ሳወልቅ፣ የተጣሉትን ሳገላግል፣ አንዱን ሽንት ቤት ሳደርስ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነው፣ እንደዚህ አገር ኅዳር ውጭው ጨልሟል። ሳገኛት የበሩን እጀታ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም። እጇ በብርዱ በርበሬ መስሏል።

አለቃዬ ልጅቷ ደህና ናት፣ እናትየዋን አናስደንግጥ አለችን። እኔ ካፖርቴን ሳላወልቅ ኮሪደራችን ላይ ተቀምጬ ለአንተ ነገርኩህ። ስሜን ጥራ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔንም ተናገር፣ ብቻ ነገሩ በማኅበሩ ደብዳቤ ኮሙኑ ዘንድ ይድረስ አልኩህ። ለእናትየዋ ራሴ ልነግራት ነው ስልህ፣ ተይ ሰብልዬ አልከኝ። ብቻሽን ከተናገርሽ አንቺን ያባርሩና ነገሩ ይቀራል፣ በማኅበር ሲሆን ይፈራል አልከኝ። ልክ መሰለኝ። ማክሰኞ ከስብሰባ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅሁህ። ተነስቷል፣ ተመዝግቧል አልከኝ። ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁልህ።

ከዚያማ ተማምኜ ተቀመጥኩ። ካሪን የምትባል ባልደረባዬ በራሳችን እንጻፍ ስትለኝ፣ ታገሺ፣ ማኅበራችን ይዞታል እያልኩ አቆየኋት። ብርዱ አለፈ፣ በጋው ገባ፣ ከኮሙኑ መልስ የለም። ካሪን ሰልችቷት ሥራውን ጥላ ሄደች። የሊና እናት በየቀኑ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ፈገግ እላት ነበር። ምን ዓይነት ፈገግታ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ማኅደሮቹን ከቁም ሳጥኑ ሳወርድ ደብተሮቹ አብረው ወረዱ። የዚያን ማክሰኞ ገጽ የፈለግሁት ልኮራብህ ነበር፤ ግርማ እንዲህ ብሎ ለልጆች ተሟገተ ብዬ ላነብላቸው። ገጹን አገኘሁት። «ባለቤቴ» ብለህ ጀምረህ በአንድ መስመር ሰርዘኸዋል። ከላዩ «አንዲት ሠራተኛ» ይላል። ከዚያ ይቀጥላል፦ «አንዲት ሠራተኛ ያቀረበችው ቅሬታ ከድካም የተነሳ የተጋነነ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኮሙኑ ጋር ያለንንም መልካም ግንኙነት ስለሚያሻክር፣ በደብዳቤው እንዳይካተት ጸሐፊው አሳሰበ፤ ሁላችንም ተስማማን።» ጸሐፊው አንተ ነህ። የስዊድንኛውንም አወጣሁት። እዚያ ስርዝ ድልዝ የለም፣ ንጹህ ነው፤ ፊርማህም አምሮበታል።

ተነስቷል፣ ተመዝግቧል ያልከኝ እውነትህን ነው። ተነስቶ ወደቀ፣ መውደቁም ተመዘገበ። ግርማ፣ እንዲህ ዓይነት ብልጠት ከየት ተማርክ?

ልከላከልልህ ሞክሬያለሁ። ከሥራ ያባርሩብኛል ብለህ ፈርተህልኝ ይሆናል። የኮሙኑ ሰዎች በሳምንቱ ማኅበሩን ሊጎበኙ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ ያን ጉብኝት ሲለምኑ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ይሉኝታ ይዞህ ይሆናል። ይሉኝታህን አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ሶፋችን ላይ ሻይ ቢደፋ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ። ግን ቤት ገብተህ፣ ሰብልዬ አልቻልኩም ብትለኝ ምን ነበረበት? እቆጣ ነበር፣ ሁለት ቀን አኮርፍ ነበር፣ ከዚያ ተነስቼ ራሴ እናገር ነበር። በመጨረሻህ ሁዲንጌ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ስትተኛ አጠገብህ ነበርኩ። አንደበትህ አልተዘጋም፤ የመኪናውን ጎማ ማስቀየር እንዳልረሳ እንኳን አሳስበኸኛል። ይህን አልነገርከኝም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስለ ወዳጅ ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ትራስ ስለተጋራ ሰው አልመሰለኝም።

ስብሰባው ያለፈው ቅዳሜ ነበር። ማርታ አብራኝ መጣች። ሰው ምስጋና ሲጠብቅ ደብተሩን ከፍቼ ገጹን አነበብኩላቸው፣ የተሰረዘውንም ጭምር። ሠራተኛዋ እኔ ነኝ፣ በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ የተጋነነ ነገር የለም አልኩ።  ጋሽ ደምሴ ተነስተው፣ ሰብለ ልጄ፣ ሙት አይወቀስም፣ ይህ በእኛው መካከል ይለቅ አሉኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ጋሼ፣ ሁላችንም ተስማማን የሚለው ውስጥ እርስዎም አሉበት፣ እርስዎ ደግሞ በሕይወት አሉ አልኳቸው። ነገሩ አሁን ለኮሙኑ ይጻፍ፣ እጅ ይውጣ ብዬ ጠየቅሁ። አጀንዳው ላይ ስለሌለ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተባለ። ለሕፃናት ደህና መዋያ እናስገኛለን ብሎ የቆመ ማኅበር፣ ስለ አንዲት ሕፃን ለመናገር አጀንዳ ቸገረው። ሃያ ዓመት ዳቦ ቆሎ የጋገርኩላቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። በዚህም በጣም አዘንኩ። ማርታ እጄን ይዛ አወጣችኝና፣ እማዬ ለእናቷ ንገሪያት አለችኝ።

ሰኞ ከሰዓት የሊናን እናት የልጆቹ ጃኬት የሚሰቀልበት ቦታ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። አልጮኸችም። ሊና ያን ሰሞን በር በተዘጋ ቁጥር መጮህ እንደጀመረች፣ ሐኪም ዘንድ እንዳመላለሰቻት፣ ምክንያቱን የሚነግራት ሰው እንዳጣች አጫወተችኝ። ከባሏ የተለያየችው በዚያው የብርድ ወቅት ነበር፤ ልጄን የጎዳኋት እኔ ነኝ ብላ ሁለት ዓመት ከራሷ ጋር ስትጣላ ኖራለች። አንዲት ቃል ከእኔ ብትሰማ ይቀርላት ነበር። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ዝም በይ ያለሽ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ስምህ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ እሱም እውነት ነው።

ዛሬ ጠዋት ለኮሙኑ በራሴ ስም ጽፌ ላክሁ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ እንግዲህ ይሁን። አንተን አልረሳህም ግርምዬ፣ በዚህ አትጠራጠር። ስምህን በጸሎት እጠራለሁ፣ ማርታ ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ደግ ሰው እንደነበርክ እነግራታለሁ፣ የቀረውንም ሳልደብቅ። እንደምወድህ ነው ያለሁት፤ ያስመረረኝም እሱ ነው። ላስታውስህ ቃል እገባልሃለሁ። ይቅር ማለቱን ግን ከሊና እናት ቀድሜ ላደርገው አልችልም፤ እሷ ደግሞ አንተን አታውቅህም።

ሰብለ