ሁለቱንም ሸክላ የሠሩት ወይዘሮ ታንጉት ታዬ

ወይዘሮ ታንጉት ታዬ ከቀጥቃጩ አባታቸው ከአቶ ታዬ ፈረደና ከሸክላ ሠሪዋ እናታቸው ከወይዘሮ አመለወርቅ ይርጋ፣ ጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ተወለዱ። እስራኤል ሲገቡ የመዝገብ ጸሐፊው ዕድሜያቸውን አሥር ዓመት ቀንሶ መዘገበው። ልጆቻቸው ይታረም ሲሉ እሳቸው ግን «ተዉት፣ ሰው የሰጠኝን ዕድሜ አልመልስም፤ እሠራበታለሁ» አሉ። እንዳሉትም ሠሩበት።

የፊደል ትምህርት አላገኙም። ትምህርት ቤታቸው የእናታቸው ጓሮ ነበር። በሰባት ዓመታቸው ጭቃ ረገጡ፤ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው እንስራ አቆሙ። በወለቃ ሸክላ ሠሪዋ ናት ዕቃዋን የምትዞረው እንጂ ዕቃው አይዞርም። ኋላም ትናንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎችን በመሥራት ስማቸው እስከ ጎንደር ገበያ ተሰማ።

በ1934 ዓ.ም. ሸማኔውን አቶ አንዳርጌ ዘበነን አግብተው ወይዘሮ ሸዋነሽንና አቶ ንጉሴን ወለዱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 መጨረሻ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። ስለ ጉዞው የሚጠይቃቸው ሲበዛ «አንዴ የሄድኩበትን መንገድ ሁለቴ አታስኪዱኝ» ይሉ ነበር። ጥቂት ወራት በመርካዝ ክሊታ፣ በአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ ከቆዩ በኋላ በቅርያት መላኺ ቤት ተሰጣቸው።

በ1985 ግንቦት ላይ የሥራ ቢሮው አስተርጓሚ «ያቭነ ውስጥ የሸክላ ሥራ ተገኝቷል» ቢላቸው እልል አሉ። በማግሥቱ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ማለስለሻ ድንጋያቸውን በኪሳቸው ይዘው፣ ከልጃቸው ከሸዋነሽ ጋር በአውቶቡስ ሄዱ። የጠበቃቸው ግን የዘፈን ሸክላ የሚታተምበት አነስተኛ ፋብሪካ ነበር። አንዱን ጥቁር ክብ አገላብጠው አይተው «ውኃ አይቋጥር፣ እህል አይዝ፤ ይሄ ደግሞ ምኑ ሸክላ ነው?» አሉ። ባለቤቱ አዶን (በዕብራይስጥ አቶ) ሞርደኻይ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ከወንበራቸው እስኪወድቁ ሳቁ፤ እናትና ልጅንም በዚያው ቀን ቀጠሯቸው። ሥራቸው በማሸጊያው ክፍል ሸክላውን ወደ ወረቀት ልባሱ ማስገባት ነበር።

በአዶን ሞርደኻይ ጠረጴዛ ላይ ከልጅነታቸው የቀረ የካርቶን ከበሮ ነበር። ዙሪያውን ቀጫጭን ስንጥቅ አለው፤ በውስጡ አሥራ ሁለት ፈረሶች ተስለውበታል። ተሽከርክሮ በስንጥቆቹ ሲታይ አሥራ ሁለቱ አንድ ፈረስ ሆነው ይጋልባሉ። ስሙ ዞይትሮፕ ይባላል። ወይዘሮ ታንጉት በየምሳ ሰዓቱ ሳያሽከረክሩት አያልፉም ነበር።

በዚያው ዓመት መከር ላይ አዶን ሞርደኻይ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ ሰው ሁሉ ወደ ካሴት ስለዞረ ከፋሲካ በኋላ የማሸጊያው ክፍል እንደሚዘጋ ነገሯቸው። በዚያው ሳምንት የገዴራው ማሲንቆ መቺ አቶ ፈንቴ ዘፈናቸውን ሊያሳትሙ መጡ። «ማን ይገዛዋል?» ተብለው ሊመለሱ ሲሉ ወይዘሮ ታንጉት ሸዋነሽን ጠሩ። «ንገሪያቸው። ዘፈኑን የማያውቅ ጭፈራውን አይቶ ይገዛል። ፈረስ የጋለበበት ከበሮ ሰው አያስጨፍርም?»

አዶን ሞርደኻይ ጥቂት አሰቡና «ቤሰደር፣ ታንጉት፤ አሳዪኝ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ወይዘሮ ታንጉት አሥራ ስምንት ጨፋሪዎችን ከጭቃ ሠሩ። እያንዳንዱ የራሱ መልክ፣ የራሱ ቁመና ነበረው፤ አንድ በአንድ ለሚያያቸው ውብ ነበሩ። ስንጥቅ ባለው ካርቶን ተከበው በሸክላ ማጫወቻው ላይ ሲሽከረከሩ ግን ጭፈራው ቀርቶ የገበያ ጠብ መሰለ። ሸዋነሽ ልታለቅስ ደረሰች። እሳቸው ግን ምስሎቹን ሰባብረው መልሰው አቦኩ፤ «አሥራ ስምንት ሰው አይደለም የሚያስፈልገኝ፤ አንድ ሰው አሥራ ስምንት ጊዜ ነው» አሉ።

ያ አንድ ሰው አቶ አንዳርጌ ሆኑ። የእስራኤልን ክረምት ሙሉ ወይዘሮ ታንጉት ከሥራ ሲመለሱ ባለቤታቸውን ሳሎን መሀል ያቆሟቸው ነበር። «ይቁሙ! ትከሻዎን እዚያው ይያዙት!» ይላሉ። «ኧረ አንቺ ሴት፣ እስክስታ ቆሞ ያውቃል?» ይላሉ አቶ አንዳርጌ። ጎረቤት ሁሉ ለሳቅ ይሰበሰብ ነበር።

በ1986 የካቲት አዲሶቹ የጭቃ ምስሎች አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተው ስንጥቅ ባለው የካርቶን ቀበቶ ላይ ታተሙ። ገዢው ቀበቶውን ክብ አድርጎ በሸክላው መሀል ባለው ወረቀት ላይ ያቆመዋል። መርፌው በውጭ በኩል የአቶ ፈንቴን ማሲንቆ ሲያሰማ፣ በስንጥቆቹ ውስጥ አቶ አንዳርጌ እስክስታ ይወርዳሉ።

ሸክላው መጀመሪያ የተሰማው በገዴራ በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ተረስተው ሰዉ ማጫወቻውን ከበበ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አይተው «ይህን ሰውዬ ማን ከተተው? አውጡት እንጂ፣ ሰፊ ቦታ አለ!» አሉ። አቶ አንዳርጌ ከበስተኋላቸው ሆነው «ወጥቻለሁ፣ እናቴ» ቢሏቸው ሠርጉ በሳቅ ተናወጠ። የመጀመሪያው እትም ተሸጦ ለማለቅ ከሳምንት አላለፈም፤ ከያቭነና ከጋን ያቭነ ሱቆችም ትእዛዝ መጣ። ፋሲካ ሲያልፍ ከማሸጊያው ክፍል አንድም ሰው አልተሰናበተም። አዶን ሞርደኻይ በሠራተኞቹ ፊት ተነሥተው እጃቸውን ሲጨብጧቸው፣ ወይዘሮ ታንጉት የመለሱት «ያላ፣ ሥራ አለብን» ብለው ነበር።

በ1986 ማብቂያ የልብ ሕመም ጀመራቸው፤ ሐኪም ቤት ገብተው ሲታከሙ ቆዩ። በ1987 የካቲት አቶ ንጉሴ ሴት ልጅ ወልደው አልጋቸው ድረስ አመጡላቸው። ሕፃኗን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ አዩዋትና «ግቢ እናቴ፣ እኔ ልውጣ፤ በሩ ለሁለታችንም ይበቃል» አሏት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን 1987፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ታንጉት የአርባ አምስት ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን አቶ አንዳርጌን፣ ልጆቻቸውን ሸዋነሽንና ንጉሴን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም እስካሁን በወለቃ ያሉትንና መርዶው ገና ያልደረሳቸውን እህታቸውን ወይዘሮ ማሪቱን ትተው አልፈዋል።

አዳምን ከአፈር ያበጀ አምላክ የእጃቸውን ሥራ ያውቃልና በደስታ ይቀበላቸው። ነፍሳቸው ከአብርሃምና ከሣራ ድንኳን ትግባ፤ ለወይዘሮ ማሪቱም ዓይናቸው ኢየሩሳሌምን የምታይበትን ቀን ያቅርብልን። አሜን።