ያጋደምከው በርጩማ

መርካቶ፣ ጥር 2009

ውድ ጃፋር፣

አብረን የሠራነው የስልክ አፕ ሰኞ ይወጣል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልተደሰትኩም፤ አልተከፋሁምም። ኮልፌ ከቀበርንህ ወዲህ እንዲሁ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ሰባተኛ ሰፈር ካለው ከአባትህ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነው። አሮጌው የጃፓን ዕቃ ተጠቅልሎ የሚመጣበትን ጋዜጣ በመዳፍህ እያቃናህ፣ «ሎዛ፣ ይሄ እኮ ስንት ወሬ አለው፤ እኛ ዘይት እንጠርግበታለን» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ጃፓንኛን በንባብ የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ ካልሠራን ብለህ አላስቀምጥ አልከኝ። አጫጭር ታሪኮች፤ ቃሉን ሲነኩት አማርኛው ከሥሩ ብቅ የሚል። ታሪኮቹን ጃፓንኛ የተማርከው አንተ፣ ገጾቹን እኔ።

የተጣላነው አንዴ ብቻ ነው። አንባቢው ሲጠፋ ስልኩ «ዛሬ አላነበብክም» እያለ ይወትውተው አልኩ። ሳቅክብኝ።

«የመርካቶ ነጋዴ ሶላት ሲሄድ በሩ ላይ በርጩማ አጋድሞ ነው የሚሄደው። የሚነዘንዘው አለ? ይመለሳል ይባላል፣ አለቀ።»

ስለዚህ ንባቡን ያቋረጠ ሰው ገጽ ላይ ትንሽ በርጩማ ሣልኩ። ያን ቀን እንደምወድህ ልነግርህ ነበር። አልነገርኩህም።

አርብ ዕለት በርጩማህን አጋድመህ ለሶላት ወጣህ፤ አስፋልቱን ስትሻገር መኪና ገጨህ።

አፑ ከመውጣቱ በፊት የሞካሪዎችን ገጽ ማጥፋት አለብኝ። የሁሉንም አጠፋሁ፣ ያንተ ቀረ። የጃንጥላ ጠጋኙ ሽማግሌ ታሪክ መሃል ላይ በርጩማህ አለ። እጄ እምቢ ሲለኝ አባትህ ዘንድ ሄድኩ። የሱቁ በር ላይም በርጩማው ከዚያች አርብ ጀምሮ እንደተጋደመ ነው። ጎረቤታችሁ ጠይብ ሱቁን ማታ ይዘጋላቸዋል፣ ጠዋት ከፍቶ በርጩማውን መልሶ ያጋድማል። አባትህ ጋሼ ኸይረዲን እሱ ሱቅ ተቀምጠው የራሳቸውን በር ያያሉ።

ስልኩን አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ የጃፋር ገጽ ነው። ላጥፋው?»

«ይሄ የኛ በርጩማ አይደል?» አሉኝ።

ከዚያ ሄደው የበሩን በርጩማ አነሱና ውስጥ አስገብተው ተቀመጡበት።

«ካቆመበት አንብቢልኝ።»

አማርኛውን አነበብኩላቸው። ሳንጨርስ አዛን ተባለ። በርጩማውን እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ አጋድመው ሄዱ። እኔ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ።

እሳቸው ተመለሱ። ያኔ አለቀስኩ።

ገጽህን አላጠፋሁም። በርጩማህ እንደተጋደመ ይቆያል፤ የሚነዘንዝህ የለም።

ሎዛ