ከስዊድን በኩል የመጣው ውሃ

ዓርብ፣ ጁን 13፣ 2008

ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ። ፀጉሬ ጨው ጨው ይላል። ፊዮርዱን፣ ይህን ወደ የብስ የገባ ባሕር፣ ድንበር መሃል ለመሃል ይከፍለዋል፤ ወዲህ ኖርዌይ፣ ወዲያ ስዊድን። ውሃውን የሚበክለው የመጸዳጃ ፍሳሽ ከማን ወገን እንደሚመጣ ለማወቅ ሁለቱ አገሮች ውሃውን አብረው ያስመረምራሉ። እኔ የሶመር ቪካር፣ የበጋ ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ጠርሙስ ሞዪ።

የኖርዌይን ጠርሙሶች አለቃዬ ቶሩን በመኪናዋ ወሰደች። የስዊድኖቹ የእኔ። ስደርስ ላቦራቶሪው ተዘግቷል። መ/ቤት ማቀዝቀዣ ልመልሳቸው ይገባ ነበር፤ ግን ትቬይታ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ልምምድ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው። ነገ የላቦራቶሪው ተረኛ ይቀበለኛል። ምን ይሆናሉ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ጉድ ሆንኩ፣ ማስታወሻዬ። ጠርሙሶቹ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ። ፍሪጁ ውስጥ ድስት በድስት ላይ። ለቤተ ክርስቲያኑ ኮንፈረንስ እንግዶች የሚያበስሉት እህት ጽጌ ትናንት ማታውኑ አውጥተውልኛል። ፎጣ አንጥፈው ደርድረዋቸዋል። ውሃ ደግሞ ምን ይበላሻል አሉኝ። እናቴን የሚያህሉ ሰው፤ ልቆጣቸው አልቻልኩም። ሳምቡሳ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከሞቀ በኋላ ባክቴሪያው ሊራባ እንደሚችል አውቃለሁ። መድፋት ነበረብኝ። በረዶ ውስጥ መልሼ ላቦራቶሪ ወሰድኳቸው። ተቀባዩ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ነው ወይ የቆየው ብሎ ጠየቀ። «ያ» አልኩት፣ በኖርዌይኛ። በአማርኛ ቢሆን «አዎ» ማለት ያቅተኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጁን 18

ውጤት መጣ። የእኛ ወገን ንጹህ። የስዊድኑ ከልክ ያለፈ። የቶሩን ፊት በራ፤ ስንል ከርመናል አለች። ቢሮው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። ላንቺ አልዋሽም፣ ለአፍታ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ መስኮቱ ሥር የተደረደሩት ጠርሙሶች ትዝ አሉኝ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጁን 20

ሼስቲን ደወለች፣ በስዊድን በኩል አብራን የምትሠራው። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። የመዋኛ ዳርቻውን ዘግተውታል። የልጆች የዋና ትምህርት ተሰርዟል። ጥርጣሬው ያረፈው ካምፒንግ፣ የድንኳን ማረፊያ፣ ባለው አንድ ሽማግሌ ላይ ነው። ሰውየው በዚያ ዕድሜው የመጸዳጃ ጉድጓዱን ዙሪያ በአካፋ እየቆፈረ ነው፣ ፍሳሹ የሚወጣበትን ፍለጋ። ምናልባት የለም። ምናልባትም አለ። የሚያሳብደኝ ይኼ ነው፤ በእኔ ጠርሙስ ማንም ማወቅ አይችልም።

ልትዘጋ ስትል ስለ አገሯ ቆሻሻ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ፣ እኔን።

እሁድ፣ ጁን 22

ቤ/ክ። መዘመር አቃተኝ፣ አፌን ብቻ ከፈትኩ። በኋላ ለእ. ጽጌ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፦ «በይ በእኔ አሳብቢው። አንዲት አሮጊት ሳታውቅ አወጣችው በያቸው። እኔን ከየት ያባርሩኛል?»

እሺ ልል ዳድቶኝ ነበር። ውሸትም አይደለም፤ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ግን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ፣ ሲጠይቁኝ የዋሸሁት እኔ። አይሆንም አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል።

ሰኞ፣ ጁን 23፣ ጠዋት

ሃውገንስቱዋ ባቡር ጣቢያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን እለፊው።

ለሼስቲን ደወልኩ። ነገርኳት። የእ. ጽጌን ስም አላነሳሁም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለሽማግሌው ማን ይንገረው?

እኔ፣ አልኩ።

ለቶሩን ከመንገድ እደውልላታለሁ። ቪካርነቴ ዛሬ ሊያበቃ ይችላል፤ ያብቃ። ቢሮ አልገባም። ወደ ደቡብ፣ ወደ ስዊድን ድንበር የሚሄደውን ባቡር ልይዝ ነው። ሽማግሌው ፊቴ ላይ በር ካልዘጋብኝ፣ ሁለተኛ አካፋ እንዳለው እጠይቀዋለሁ። የቆፈረውን አብሬው እደፍናለሁ።