ባንዲራውን አውርደው ሳይረን ለሰቀሉልን የወደብ አስተዳዳሪ

ለተከበሩ አቶ ሙን ተግዩ፣ የወደባችን አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጆሮ ጤና እመኛለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት ለምን እንደተጨመረ ወደታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

ህዮን ቻንሱክ እባላለሁ። ከወደቡ ግንብ በስተምሥራቅ ባለው ውሃ፣ ትንፋሻችንን ይዘን እየጠለቅን የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር ጃርት ከምንለቅመው ሴቶች በዕድሜ ትንሿ ነኝ። ትንሿ ስል ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ሌሎቹን በዚሁ ይገምቱ። ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈው ባለፈው ቢሮዎ መጥቼ ስናገር ጥበቃውን ስለጠሩብኝ ነው። የጮህኩት የራሴን ድምፅ በደንብ ስለማልሰማ እንጂ ተቆጥቼ አልነበረም። ያን ዕለት ገና አልተቆጣሁም ነበር።

አንደኛ፣ በግንቡ ጫፍ የነበረውን ቀይ ባንዲራ ስላወረዱልን እናመሰግናለን። ጀልባ ሊወጣ ሲል ይሰቀል ስለነበር፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ብቅ ባልን ቁጥር ዓይናችን ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ ጨርቁ ደብዝዞ የጎብኚዎችን ፎቶግራፍ እንደሚያበላሽ እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ እኛ መቼም አናስተውለውም። በምትኩ ያቆሙልን ሳይረን አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው። ሲጮህ፣ ለጎብኚዎች ያስመጡት አዲሱ ፈጣን የመዝናኛ ጀልባ በራሳችን ላይ ሊያልፍ ነው ማለት ነው፤ የሰማ ይሸሻል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሚዎቹ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል እንዳሳየችን፣ በጆሮ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስስ ቆዳ አለ፤ የጆሮ ታምቡር የሚባለው እሱ ነው። ከኋላው አየር የሞላባት ትንሽ ክፍል አለች፤ በውስጧ ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ተያይዘው የታምቡሩን ንዝረት እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ፤ ከክፍሏም ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ሰው ሲጠልቅ ውሃው ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ አፍንጫውን ይዞ በቱቦው አየር ካልላከለት ይቀደዳል። ጉንፋን ሲይዝ ቱቦው ይደፈናል። እኛ ደግሞ ጉንፋን ይዞን ከባሕር ቀርተን አናውቅም፤ የራስ ምታት ክኒን ውጠን፣ ያኘክነውን ማስቲካ ጆሯችን ውስጥ ወትፈን እንገባለን። ታምቡሩ ይቀደዳል፣ ይመግላል፣ ይጠግጋል፣ ደግሞ ይቀደዳል። ከዕድሜ ጋር የውስጡ ነርቭ ሲደክም ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የእርስዎ ሳይረን ቀጭን ነው፣ ክቡር ሆይ።

ሦስተኛ፣ የሙከራው ቀን። ግንቡ ላይ አሰልፈውን ሳይረኑን ሲያስነፉ ሁላችንም እጃችንን ማንሳታችን እንዳስደሰተዎት አይቻለሁ። በእኛ ዘንድ የጠላቂዎቹ አለቃ ቡ ማልሱን ሳትናገር ሌላዋ አትናገርም፤ እሷ ዛሬ ባሕር አይገባም ካለች አይገባም። እሷ ያን ቀን ያየችው የባሕር ወፎቹ ከግንቡ ላይ ብር ብለው ሲነሱ ነው። እጇን አነሳች፤ እኛም ተከተልን። «ተሰማችሁ?» ብለው በእጅዎ ወደ ጆሮዎ ሲያመለክቱ፣ «እንኳን እኛ፣ ታች ያለው ዓሣም ደንብሯል!» አለችዎት። ሳቁ፤ ከዚያም ሁሉም ሰምተዋል ብለው ፈረሙ።

ልብስ መቀየሪያው ቤት ስንገባ ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ፣ «እትዬ፣ እውነት ሰምተሽው ነው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሳይረኑን!»

«ወፎቹን አይቻለሁ፤ ምን ቀረኝ? አልሰማሁም ብል ፈቃዴን ሊቀሙኝ! ቤት ተቀምጬ ከምራቴ ጋር ቴሌቪዥን ላይ ላፍጥ?»

«ጀልባውስ?»

«ጀልባው የሚነዳው የለውም እንዴ? እሱ ይየኝ!»

እንዲህ የምትለው፣ ጆሮዋ የማይሰማ ጠላቂ የመጥለቅ ፈቃዷን ትመልስ የሚለውን መመሪያ እርስዎ በጸደይ ስላስለጠፉልን ነው። ለደኅንነታችን አስበው እንደሆነ ከሥሩ ተጽፏል። ከጎኑ የለጠፉትን፣ ጎብኚ እንዳንረብሽ ድምፃችንን እንድንቀንስ የሚጠይቀውንም ማስታወቂያ አንብበናል።

አራተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ። ጀልባዎ ለልምምድ ሲወጣ እትዬ ማልሱን ውሃ ውስጥ ነበረች። ወፎቹ ተነስተው ይሆናል፤ ጭንቅላቷ ታች ሆኖ ወፍ አይታይም። ስትወጣ ብርቱካንማው ተንሳፋፊዋ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ የተንጠለጠለው የመልቀሚያ መረቧ ተቆርጦ፣ የለቀመችው ሁሉ ወደ ታች ተመልሷል። ያ ተንሳፋፊ ሁልጊዜ ብቅ የምትልበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።

«ድንጋይ ነው የመታው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ድንጋይ እንዲህ አድርጎ ይቆርጣል?»

«አንቺ ልጅ አትለፍልፊ፤ ፕላስተር አምጪ።»

ጠቀለልነው። ጠርዙ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። እስካሁን ከልብስ መቀየሪያው ቤት በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ ለጎብኚዎች ፎቶግራፍ ያምር እንደሆነ መጥተው ይዩልን።

እንግዲህ ቅዳሜ ጀልባው ተመርቆ ሥራ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባንዲራው ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ መመሪያውም እንዲነሳ በትሕትና እጠይቃለሁ። ማልሱን ቅዳሜም ትገባለች፤ አትግቢ ብላት፣ አልሰማሁሽም ትለኛለች፤ በዚህ ደግሞ አትዋሽም። እኔም እንደማልሰማ በዚህ ደብዳቤ ስላረጋገጥኩ ፈቃዴን የሚቀበል ሰው ይላኩ። ከኋላ እየተጣራ ሳይሆን ከፊት ለፊቴ እንዲመጣ ይንገሩልኝ።

ድምፄን እንድቀንስ በታዘዝኩት መሠረት በጽሑፍ የጮህኩ፣ የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜና ያልተቀደደ ታምቡር የምመኝ፣

ህዮን ቻንሱክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት ጥበቃዎ የሳይረኑን ቁልፍ ሲጫን ግንቡ ሥር ቆሜ እያየሁት ነበር። ወፎቹ አልተነሱም። ለምደውታል።